ድንጋዩ ምንም አይሸከምም፦ የከበረ ድንጋይ እጀታ ስላለው ቢላዋ አሠራር የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁ ብረት የምታውቁ፣ ግማሾቻችሁ ድንጋይ የምትቆርጡ ናችሁ። የዛሬው ሥራ ሁለታችሁን የሚያገናኝ፣ ብዙ ጊዜም የሚያጣላ ነው። ብረት ሠሪው «እጀታ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ስለቱ ካለቀ በኋላ እንለጥፈዋለን» ይላል። ድንጋይ ቆራጩ ያማረ ድንጋይ ይዞ ይመጣና ብረቱ እንዲስማማለት ይጠብቃል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የድንጋይ እጀታ ዕድሉ የሚወሰነው ድንጋዩ መጋዝ ከመንካቱ በፊት፣ የቢላዋው ጭራ ሲቀረጽ ነው። ጭራ ስንል እጀታው ውስጥ የሚቀመጠውን የብረቱን ክፍል ነው።

ምክንያቱን ከእንጨት ብንጀምር ይገባናል። በእኛ አገር ቢላዋ ሲሠራ ጭራው ግሎ እንጨቱ ወይም ቀንዱ ውስጥ ይተከላል። እንጨቱ እየጨሰ ቦታ ይለቅለታል፣ ሲቀዘቅዝም ጨብጦ ይይዘዋል። የጎራዴ እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ የነበረውም ለክብር ብቻ አይደለም፤ ቀንድ ሲመታ ይለጠጣል፣ ሲወድቅ ይነጥራል። ድንጋይ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ሲጫኑት የሚችለውን ያህል ሲያጎብጡት አይችልም። ሚስማር ቢያጠብቁበት ከቀዳዳው ጠርዝ ጀምሮ ይሰነጠቃል፤ የጋለ ብረት ቢከቱበት እዚያው ይፈነዳል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ኃይሉን ሁሉ ብረቱ ይሸከማል፣ ድንጋዩ የሚቀበለው የእጅን መዳፍ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ሁሉ የዚህ ደንብ ዝርዝር ነው።

የጥንት ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። በቱታንካሙን አስከሬን ላይ እ.ኤ.አ. በ1925 የተገኘው የብረት ጩቤ፣ ብረቱ ከሰማይ የወደቀ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ምርመራ የተረጋገጠው፣ እጀታው ወርቅ ነው። ድንጋይ ያለበት በእጀታው መጨረሻ ብቻ ነው፤ ጠርቶ የሚያበራ ክሪስታል እንደ ጉልላት ተቀምጦበታል። ኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ያለው ታዋቂ ጩቤም እንዲሁ ነው። ኦቶማኖች ለፋርሱ ናዲር ሻህ ሊሰጡት አዘጋጅተውት፣ እሱ እ.ኤ.አ. በ1747 ሲገደል ስጦታው ወደ ኢስታንቡል ተመለሰ። በእጀታው ላይ ሦስት ትልልቅ ኤመራልዶች ተደርድረዋል፤ ሦስቱም ግን ወርቅ ውስጥ ናቸው። እጅ የሚጨብጠውና ኃይል የሚያልፍበት ወርቁ ነው።

ሙሉ እጀታ ከድንጋይ ቀርጸው የተሳካላቸው የህንድ ሙጋል ቤተ መንግሥት ጠራቢዎች ናቸው። በ17ኛው መቶ ዘመን የሠሯቸው፣ ጫፋቸው በፈረስ ራስ የተቀረጸ የጩቤ እጀታዎች ዛሬም በሙዚየሞች አሉ። የተሳካላቸው ድንጋዩ ኔፍራይት ጄድ ስለሆነ ነው። ኔፍራይት ውስጡ እንደ ተጠቀጠቀ ሱፍ እርስ በርሱ በተቆላለፉ ቃጫዎች የተሞላ ነው፤ ስንጥቅ መንገድ ሲፈልግ ቃጫዎቹ ይይዙታል። ጭራውን አጭር አድርገው፣ ድንጋዩን ሰፋ አድርገው ቦርቡረው፣ ክፍተቱን በላክ ሙጫ ሞሉት። ሙጫው ኃይሉን እየተቀበለ ያበርደዋል። እኛ ዛሬ በኢፖክሲ፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክረው ማጣበቂያ፣ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ድንጋዩ ምርጫ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ፤ ጥንካሬና አለመሰበር። በሞስ መለኪያ አጌትና ጃስፐር 6.5 እስከ 7፣ ኔፍራይት 6 እስከ 6.5፣ ላፒስ ላዙሊ 5 እስከ 5.5 ናቸው። መለኪያው የሚነግረን ምን ምንን እንደሚቧጭር ነው፤ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን አይነግረንም። አልማዝ 10 ሆኖ በመዶሻ ይሰነጠቃል፣ ኔፍራይት ዝቅ ብሎ መዶሻውን ይመልሳል። ለሚሠራበት ቢላዋ የምንመርጠው ቅደም ተከተል ኔፍራይት፣ ቀጥሎ አጌት፣ ቀጥሎ ጥብቅ ጃስፐር ነው። ማላካይት ያምራል፤ ነገር ግን ለስላሳ ነው፣ ክብደቱ ከአጌት በግማሽ ይበልጣል፣ አቧራው መዳብ ስላለበት ይመርዛል። ላፒስ ውስጥ የሚያብረቀርቁት የፓይራይት (ወርቅ የሚመስል ማዕድን) ነጠብጣቦች ከሰማያዊው ክፍል ጋር እኩል አይፈጩም፤ ገጹ ጉርብጥብጥ ይላል።

ሁልጊዜ የሚመጣው ጥያቄ የወሎ ኦፓል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በደላንታ ከተገኘ ወዲህ የዓለምን ገበያ ያስደነቀ ድንጋይ እያለን ለምን አጌት እንቆርጣለን? መልሱ አጭር ነው፦ ለእጀታ አይሆንም። የወሎ ኦፓል ፈሳሽ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፤ ይህ እንደ ጨዋታ ያስደስታል። ቢላዋ ላይ ግን የሚጠጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ የእጅ ላብ፣ የሥጋ ስብ፣ ኢፖክሲውንም ይጠጣል። ቅባት የጠጣ ኦፓል ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በፍጥነት ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። ኦፓል የግድ ይግባ ከተባለ ትንሽ ፈርጥ አድርጎ፣ እጅ በማይነካው ቦታ፣ በብረት ክፈፍ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ባልጩትም እንዲሁ አይመከርም። ከመልካ ቁንጡሬ አጠገብ ያለውን ቦታ ባልጩት ያሰኘው ድንጋይ የጥንት ሰው ስለት ሆኖ ያገለገለው ስለሚሸረፍ ነው፤ ስለት ያደረገው ጠባይ ለእጀታ ጠላቱ ነው።

ድንጋይ ስትገዙ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ድንጋዩን አርጥቡትና ሲደርቅ ተመልከቱት። ገጹ ደርቆ ቀጭን ጥቁር መስመር ከቀረ፣ ያ መስመር ውሃ የያዘ ክፍት ስንጥቅ ነው። ከገጹ ጋር አብሮ የደረቀ መስመር ግን ከጥንት ተሰንጥቆ በተፈጥሮ የተዘጋ ደም ሥር ነው፤ እሱ አይጎዳም፣ እንዲያውም ያምራል። በስስ ክፋይ ላይ የእጅ ባትሪ ከኋላ ማብራትም ይረዳል። በሳንቲም ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ስትነኩት የጠራ ድምፅ የሚሰጥ ይሻላል፤ እንደ ተሰነጠቀ ስኒ የሚያንቋርር ድንጋይ በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱት።

አሁን ብረት። ድንጋይ ብረቱን ይመርጣል ብንል አታምኑ ይሆናል፤ ግን እንዲሁ ነው። የእንጨት እጀታ የሚሞረደው በደረቁ ነው። ድንጋይ ግን ለሰዓታት ውሃ እየፈሰሰበት ይፈጫል፤ ያ ውሃ ስለቱንም፣ ጭራውንም፣ መገጣጠሚያውንም ያረጥባል። ብዙዎቻችን የለመድነው የመኪና ባሌስትራ ጥሩ ቢላዋ ይወጣዋል፤ ሆኖም ይዝጋል። ዝገቱ ድንጋዩ ሥር ሲገባ አውጥቶ ማጽዳት አይቻልም፣ እያበጠም ድንጋዩን ከስሩ ይገፋዋል። ያገለገለ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው መቻሉም ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ለድንጋይ እጀታ የማይዝግ ብረት፣ ለምሳሌ 440ሲ፣ ይመረጣል። ከ1040 እስከ 1060 ዲግሪ ሴልሺየስ ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ሰዓት እየቆየ ይለዘባል። የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል ሲ መለኪያ 58 አካባቢ ይደርሳል። ይህ ሙቀት በመንደር ምድጃ በዓይን ተለክቶ የሚገኝ አይደለም፤ ቴርሞስታት ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈልጋል። የሌለው ሰው ብረቱን ለሚያጠነክር ወርክሾፕ መስጠት ይሻለዋል።

ከማጠንከሩ በፊት ግን ጭራው ላይ ብዙ ሥራ አለ። ለናሙና ስለቱ 100፣ ጭራው 100 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢላዋ እንውሰድ። ጭራው እንደ እጀታው ቅርጽ ሙሉ ሆኖ በሁለቱ የድንጋይ ክፋዮች መሐል ዳር እስከ ዳር ይታያል። የድንጋዩ ክብደት እዚህ ላይ ይመጣል። ሁለት ክፋይ አጌት፣ እያንዳንዱ 75 በ25 በ6 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሳይቀረጽ 58 ግራም ገደማ ይመዝናል። ተመሳሳይ መጠን ያለው እንጨት 20 ግራም እንኳን አይሞላም። ቢላዋው ወደ ኋላ ይከብድና ስለቱ እጅ ላይ ይቀላል። መፍትሔው ጭራውን ከፊት 4 አድርጎ ወደ ኋላ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ማሳሳት ነው። በዚህ ብቻ 17 ግራም ያህል ብረት ይቀነሳል። ቀሪውን በ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ በሚበሱ ቀዳዳዎች መቀነስ ይቻላል፤ ቀዳዳዎቹ ኋላ ኢፖክሲው ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እንዲያያዝ ድልድይ ይሆናሉ። ይህ ሁሉ ከመጠንከሩ በፊት ይለቅ፤ የጠነከረ 440ሲ ፑንታችሁን ይበላል።

ቀጥሎ ቦልስተር። ድንጋዩን ከፊትና ከኋላ የሚያቅፉት የብረት ቁራጮች ናቸው፤ ከናስ፣ ከኒኬል ሲልቨር ወይም ከማይዝግ ብረት ይሠራሉ። የእጀታው ዋና ተሸካሚ እነሱ ናቸው። ቢላዋው ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚነካው ጫፉ ወይም ዳሩ ነው፤ እዚያ ያለው ብረት ከሆነ ድንጋዩ ይተርፋል። ከራሳቸው ዓይነት ብረት በተሠሩ ፒኖች ይያዛሉ፣ ፒኖቹም በመዶሻ ተጠቅጥቀው ይታሸጋሉ። መዶሻ የሚሠራው እዚህ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱም ቦልስተሮች ድንጋዩ ከመምጣቱ በፊት ተቀጥቅጠው ይለቁ። አንዳንዱ ሠሪ የኋላውን ቦልስተር ድንጋዩ ከተጣበቀ በኋላ ይቀጠቅጣል። የመጀመሪያው ምት ምንም አያሳይም፣ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ከሳምንት በኋላ ድንጋዩ ላይ ፀጉር የሚያህል መስመር ይወጣል።

ድንጋዩን የሚነካው የቦልስተር ጠርዝ ቀጥ ብሎ አይቁም። ወደ ድንጋዩ አጋድሎ፣ ከጭራው ጋር 65 ዲግሪ ያህል ሠርቶ ይሞረድ። ያኔ የድንጋዩ ዳር ከጠርዙ ሥር ገብቶ ይቀመጣል፣ ኢፖክሲው እንኳን ቢላቀቅ ወደ ውጭ መውጫ የለውም። የፊቱና የኋላው ጠርዝ ፍጹም ትይዩ መሆን አለባቸው፤ ድንጋዩ የሚገባው ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ እንደ መሳቢያ እየተንሸራተተ ነውና። ትይዩ ካልሆኑ ግማሽ መንገድ ገብቶ ይቆማል። ያኔ መግፋት የለም፤ አውጥቶ መፍጨት ነው።

የመቁረጡ ሥራ ለድንጋይ ቆራጮቻችን አዲስ ስላልሆነ አናረዝመውም። በአልማዝ መጋዝ፣ በውሃ፣ 7.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቆረጥ፤ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል በመፍጨት ይሄዳል። ዘይት የሚጠቀም መጋዝ ካላችሁ ለዚህ ሥራ ተዉት፤ ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ዘይት ኢፖክሲውን ያስለቅቃል። የመጨረሻዋ ሁለት ሚሊ ሜትር ላይ እጃችሁን አዘግዩ፤ ክፋዩ በክብደቱ ተገንጥሎ ሲወድቅ ጥግ ይዞ ይሄዳል። ሁለቱ ክፋዮች ጎን ለጎን የነበሩ ይሁኑ፤ እንደ መጽሐፍ ሲገለጡ ሥዕላቸው ይገጣጠማል። መጋዙ በመሐል የሚበላው ውፍረት ስላለ ግን ፍጹም አንድ ይሆናሉ ብላችሁ ለደንበኛ ቃል አትግቡ።

የክፋዩ ጀርባ በወፍራም መስታወት ላይ፣ በ220 ከዚያም በ400 ቁጥር ሲሊኮን ካርባይድ ዱቄትና በውሃ ተፈጭቶ ይደልደል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዱቄቱ ይደቅቃል። እዚያ ላይ አቁሙ። ማለስለስ የወደደ እጅ ጀርባውንም ሊያበራው ይፈልጋል፤ ያበራ ጀርባ ግን ኢፖክሲ አይይዝም። ከቦልስተሩ ጋር ለማስማማት የመብራት ጥላሸት ጠርዙ ላይ ቀቡና ድንጋዩን አንሸራቱት፤ ጥላሸት የያዘው ቦታ የሚፈጨው ቦታ ነው። በብርሃን ፊት ሲታይ ክር የምታህል ክፍተት እስክትጠፋ ድረስ ይቀጥላል። አንድ ወገን ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ክፍያ ስትጠይቁ ይህን ቀን አትርሱት። ሹሉን የድንጋይ ጥግ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ስበሩት፣ አለዚያ ሲንሸራተት ይሸረፋል።

በድንጋዩና በጭራው መሐል 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ንጣፍ ይገባል። ጂ10 የሚባለውን የመስታወት ቃጫ ሉህ እንመርጣለን። ቀዩ ወይም ጥቁሩ የፋይበር ወረቀት ርካሽ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ግን ያብጣል። ንጣፉ የምትን ኃይል ያበርዳል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ አጌት ከሆነም የብረቱን ገጽ ይሸፍናል። እንዲህ ያለው አጌት ሥር ያለች እያንዳንዷ የኢፖክሲ አረፋ እንደ ዓሣ ዓይን ታፈጣለች፤ ኢፖክሲውን በጥቁር ቀለም ማጥቆር ይረዳል።

ማጣበቂያው በ24 ሰዓት የሚደርቀው ቀርፋፋ ኢፖክሲ ይሁን። በ5 ደቂቃ የሚይዘው ለጥገና እንጂ ለዚህ አይደለም፤ ደካማ ነው፣ ሙቀትና እርጥበት ቶሎ ያሸንፉታል። ሁለቱ ፈሳሾች በዓይን ግምት ሳይሆን በሚዛን፣ ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ይቀላቀሉ። ማጠንከሪያውን ማብዛት ያጠነክራል የሚል ወሬ አለ፤ የሚያገኙት ላስቲክ የመሰለ ነገር ነው። ጭራው በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይቧጠጥ፣ ሁሉም ገጽ በአሴቶን ይጠረግ፣ ከዚያ በኋላ በጣት አይነካ። ሞርሴቶ ስታስሩ በሁለት ጣት ኃይል ብቻ እሰሩ። አጥብቆ ማሰር ኢፖክሲውን ጨምቆ ያወጣና መገጣጠሚያውን ደረቅ ያደርገዋል፣ ጠማማ ድንጋይንም እዚያው ይሰብራል። በክረምት የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ 24 ሰዓት አይበቃም፤ ካርቶን ውስጥ አንድ የሚሞቅ አምፖል አብርቶ 30 ዲግሪ ገደማ ማቆየት ነው። አምፖሉ ድንጋዩ አጠገብ አይሁን፤ አንድ ወገኑ ብቻ ከሞቀ ይሰነጠቃል።

ቅርጽ ማውጣት የሚጀመረው ስለቱ በወፍራም ፕላስተር ተጠቅልሎ ነው፤ ያልታሸገ ስለት ውሃ ላይ ያለን እጅ ሲቆርጥ ወዲያው አይሰማም። ሥራው በአልማዝ ጎማ፣ ከ80 ቁጥር ጀምሮ 220፣ 600፣ 1200፣ 3000 ነው። ችግሩ ድንጋዩና ቦልስተሩ እኩል አለመበላታቸው ነው። ናስ በአንድ ጊዜ ይሄዳል፣ አጌት ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ ጣት ስታሳልፉበት በድንበሩ ላይ ደረጃ ይሰማችኋል። ለስላሳ ጎማ ይህን ደረጃ ያባብሰዋል። ስለዚህ ከ220 በኋላ ድንበሩ አካባቢ ጠንካራ ጀርባ ባለው የአልማዝ ሞረድ በእጅ ሥሩ፤ አቅጣጫውም ከድንጋዩ ወደ ብረቱ ሳይሆን ሁለቱን አንድ ላይ አቋርጦ ይሁን።

በየደረጃው አድርቃችሁ እዩ። ውሃ ጭረትን ይደብቃል፤ እርጥብ ሳለ መስታወት የመሰለው እጀታ ሲደርቅ የ220 ጭረት ይወጣበታል፣ ያኔ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። የመጨረሻው ማብራት ለአጌትና ለጃስፐር ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባለው የማብሪያ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ በፌልት ጎማ፣ በዝግታ ነው። ኔፍራይት በዚህ አያምርም፤ ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል፣ በቆዳ ላይ በአልማዝ ዱቄት መሠራት ይፈልጋል። ፌልቱ ደርቆ ድንጋዩ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ቁሙ። 60 እና 70 ዲግሪ ላይ ብዙው ኢፖክሲ ይለሰልሳል፣ ድንጋዩም በድንገት ውሃ ሲነካው ይጮኻል። ያ ድምፅ አንዴ ከተሰማ የሚጠገን ነገር የለም። ቦልስተሩን በሌላ ጎማ አብሩ፤ ከብረት የሚወጣው ጥቁር ዝቃጭ በጃስፐር ቀዳዳዎች ገብቶ አይለቅም።

ስለ አቧራው ሳንናገር አናልፍም። አጌትና ጃስፐር ሲሊካ ናቸው። በደረቁ ሲፈጩ የሚወጣው ደቃቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ ያመጣል፤ ይህ በሽታ ከያዘ አይድንም። ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር ምንም አያደርግም። ውሃ ሁልጊዜ ይፍሰስ፣ ከዚያም በላይ የደቃቅ አቧራ ማጣሪያ ያለው ማስክ ይደረግ። ወለል ላይ የደረቀ ዝቃጭ በመጥረጊያ አይነሣ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይታፈስ። የነብር ዓይን የሚባለው ድንጋይ የተፈጠረው ሳንባን ከሚጎዳው ከአስቤስቶስ ዝርያ ቃጫ ነውና በእሱ ላይ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

ሰገባው ቢላዋውን እስከ እጀታው ግማሽ ድረስ ይዋጠው፤ የተሰቀለ ቢላዋ በር ሲነካ የሚመታው ቆዳው እንዲሆን ነው። ለባለቤቱ ሦስት ነገር ንገሩ፦ በሙቅ ውሃ አይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው፣ ሲሚንቶ ወለል ባለበት ማዕድ ቤት የዕለት ሥራ አይሠራበት። በተለይ ለዱባይና ለሪያድ የምትልኩ ሁለተኛውን ደጋግማችሁ ንገሩ።

ከተሰበረስ? ቦልስተሩ ስላቀፈው ድንጋዩ ተነቅሎ አይወጣም፤ እስከ ንጣፉ ድረስ በአልማዝ ተፈጭቶ ያልቃል፣ አዲስ ክፋይ ከጎን ይገባል። ችግሩ አዲሱ ክፋይ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። አጌት ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሥዕሉ አይደገምም። ስለዚህ መጋዙ ላይ ሳላችሁ ከሁለቱ ክፋዮች አጠገብ ሦስተኛ ቁረጡ። ጀርባው ላይ የቢላዋውን ቁጥር ጽፋችሁ፣ የቦልስተሩን ማዕዘን በዲግሪ ጨምራችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከሰገባው ጋር ለገዢው ስጡት።